ፎቶው እንደ ቦታው እንዲያስፈራ፦ የተተዉና ግራ የሚያጋቡ ቦታዎችን በጉዞ ላይ ማንሳት

ይሄን ጥያቄ ደጋግማችሁ ስለምትልኩልኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል። መልኩን ይቀያይራል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቦታው ላይ ስቆም ሰውነቴን ውርር አድርጎኝ ነበር። ፎቶውን ስከፍተው ግን ተራ የፈረሰ ቤት ነው። ስልኬ ነው ችግሩ?»

ስልካችሁ አይደለም። ካሜራ በአውቶማቲክ ሲሠራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ይጎትታል። ጨለማ ካየ ያበራዋል፤ ጥላ ካየ ይገልጠዋል። እናንተን ያስፈራችሁ ግን ያ ጨለማ ነበር። ስለዚህ የሥራው ግማሽ ካሜራው እንዳያበራ መከልከል ነው። ሌላው ግማሽ በሰላም ገብቶ በሰላም መውጣት ነው።

ምሳሌዬን በአብዛኛው የማመጣው ከድሬዳዋው የድሮ ባቡር ግቢ ነው። የቆሙ ሎኮሞቲቮች፣ የዛጉ ፉርጎዎች፣ ቶርኖዎቹ (የብረት መቅረጫ ማሽኖቹ) ያሉበት የጥገና ወርክሾፕ አለ። ደማቅ ፀሐይም ድቅድቅ ጥላም በአንድ ግቢ ስለምታገኙ ለልምምድ የሚመች ነው። ያለው ከዚራ ነው። ባጃጅ ስትይዙ «የድሮው ባቡር ጣቢያ» በሉ። «ባቡር ጣቢያ» ብቻ ካላችሁ ከከተማ ወጣ ወዳለው አዲሱ ጣቢያ ሊወስዳችሁ ይችላል።

ምን ትይዛላችሁ?

- ስልክ ወይም ካሜራ። የብርሃን መጠኑን በእጅ መቀነስ የሚያስችል ከሆነ ይበቃል።
- ትራይፖድ። ከሌላችሁ ወፍራም ካልሲ ውስጥ ምስር ሞልታችሁ ቋጥሩት። ድንጋይ ወይም መስኮት ላይ አስቀምጣችሁ ስልኩን ብታስደግፉበት አይነቃነቅም።
- ሁለት የእጅ ባትሪ። አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለፎቶ። የስልካችሁን መብራት አትቁጠሩት፤ ስልኩ ሥራ ላይ ነው።
- አፍንጫ ላይ ግጥም የሚል ማስክ (ኤን 95 ቢሆን ይመረጣል)፣ የሥራ ጓንት፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ ሽፍን ጫማ። ሰንደል ጫማ እቤት ይቅር።
- ፓወር ባንክ።
- ዚፕ ያለው ፌስታል፣ ነጠላ ወይም ሻርፕ፣ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ። አቧራ የስልክን ሌንስ በደቂቃዎች ይሸፍነዋል።
- መታወቂያና ዝርዝር ብር።

አሠራሩ

1. ፈቃዱን መጀመሪያ ጨርሱ

«ባዶ እኮ ነው፣ ማንን ልጠይቅ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ባዶ ሆነ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በር ላይ ጥበቃውን ሰላም በሉና ምን ልታነሱ እንደመጣችሁ በግልጽ ንገሩት። ክፍያ ካለ ክፈሉና ደረሰኝ ያዙ። አብሯችሁ የሚዞር ሰው ከመደቡላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ የትኛው ወለል እንደሚይዝና የትኛው እንደሚከዳ የሚያውቀው እሱ ነው።

ትልቅ ካሜራና ትራይፖድ ከያዛችሁ ቀደም ብላችሁ ከአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የትብብር ደብዳቤ ብታወጡ ይሻላል። ጥበቃው በራሱ ኃላፊነት አስገባሁ ብሎ አይጨነቅም፤ እናንተም ጀርባችሁ ላይ ሰው ሳይቆም ትሠራላችሁ። «ጋሼ፣ ደብዳቤው ይኸው» ማለት ግማሽ ሰዓት ክርክር ያስቀራል።

ድልድይ፣ ግድብ፣ ወታደራዊ ካምፕና አውሮፕላን ማረፊያ የሚታይበት አቅጣጫ ካለ ካሜራውን አዙሩ። የድሮው ሐዲድ ላይ ያሉ ድልድዮችም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ያረጀ ቢመስልም የሚጠበቅ ሊሆን ይችላል።

2. ደጃፍ ላይ ቆማችሁ «ቤቶች!» በሉ

የምር ነው። የተተወ የሚመስል ቤት ውስጥ ሰው ሊያድርበት ይችላል። ድምፅ አሰምቶ መግባት ለእናንተም ለነዋሪውም ደኅንነት ነው። ውሻና እባብም ቢሆን ድንገተኛ ነገር አይወድም። ምድጃ፣ የተነጠፈ ካርቶን ወይም ያደረ ልብስ ካያችሁ ያ የሰው መኖሪያ ነው። ሳታነሱ ተመለሱ።

3. ካሜራውን ሳታወጡ አንድ ዙር ዙሩ

ሦስት ነገር እያያችሁ ዙሩ። ብርሃን ከየት ይገባል? ወለሉ ምን ይመስላል? ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ? ሦስተኛውን በደንብ ያዙት። መጀመሪያ ያስደነገጣችሁ ነገር ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ፎቶ ነው። ካሜራ ይዛችሁ ከገባችሁ ግን ሁሉንም ነገር ማንሳት ትጀምሩና ያንን ትረሱታላችሁ።

4. ሰዓቱን እንደ ቦታው ምረጡ

ለውጪው ክፍል፣ ማለትም ለፉርጎው ጎን፣ ለጣቢያው ግድግዳና ለሐዲዱ፣ ጠዋት ከ12፡30 እስከ 2፡00 ወይም ከሰዓት በኋላ ከ11፡00 እስከ 12፡00 ሰዓት ሂዱ። ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። ከጎን የመጣ ብርሃን የዝገቱን ቅርፊትና የተላጠውን ቀለም አንድ በአንድ ያወጣዋል። በእኛ አገር ፀሐይ ቶሎ ትወጣለች፣ ቶሎም ትጠልቃለች፤ ጥሩው ብርሃን አውሮፓ ውስጥ እንደሚታየው ሰዓታት አይቆይም። ስለዚህ ቦታችሁን ይዛችሁ ጠብቁት።

«ቀትር ላይ ፎቶ አይነሳም» የሚባለው ግን ቤት ውስጥ አይሠራም። የተበሳ ቆርቆሮ ጣሪያ ካለ ምርጡ ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው። ፀሐይ በምስማር ቀዳዳዎቹ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። አየሩ ላይ አቧራ ካለ ጨረሩ እንደ ገመድ ተዘርግቶ ይታያል፤ ወለሉ ላይም ክብ ክብ ነጠብጣብ ይሠራል። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ልክ ከአናት በላይ ስለምትሆን ጨረሩ ከሌላው ወር ይልቅ ቀጥ ይላል። ጨረር ለማውጣት ብላችሁ አቧራ አታቡንኑ፤ ምክንያቱን ማስጠንቀቂያው ላይ ታገኙታላችሁ።

5. ብርሃኑን ቀንሱ

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

በስልክ፦ በክፍሉ ውስጥ በጣም ብሩህ የሆነውን ቦታ፣ ለምሳሌ መስኮቱን ወይም የበሩን ስንጥቅ፣ ስክሪኑ ላይ ነክታችሁ ጣታችሁን ሳታነሱ ያዙት። ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ አጠገቡ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት ወደታች ጎትቷት። ጥጉ ጥቁር እስኪሆን አውርዱ፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን የነካው ነገር ብቻ ይታይ። ከዚያ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወደ ላይ መልሱት።

በካሜራ፦ የብርሃን ማካካሻውን (የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ) ከዜሮ ወደ ሲቀነስ 1 አውርዱ። አይታችሁ አሁንም ቀን ከመሰለ ሲቀነስ 1.7 ወይም 2 ድረስ ሂዱ።

ለምን መስኮቱን መለካት? ነጭ ሆኖ የተቃጠለ መስኮት በኋላ በምንም አይመለስም። ጥላ ውስጥ ያለውን ግን በተለይ በሮው ፋይል (ካሜራው ሳይጨምቅና ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ) ካነሳችሁ ትንሽ መግለጥ ትችላላችሁ። ጨለማ የዋጠው ይመለሳል፤ ብርሃን ያቃጠለው ግን አይመለስም።

ስልካችሁ ጨለማ ሲያይ ራሱ የሚከፍተውን ናይት ሞድ አጥፉት። እሱ ብዙ ፎቶ ደራርቦ ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል። ለልደት ድግስ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ጠላት ነው።

ይሄ ሕግ የሚገለበጥበት ቦታ አለ። ዳሎል ሄዳችሁ የጨው ሜዳውን ስታነሱ ካሜራው ነጩን «በጣም በራ» ብሎ አመድ ያስመስለዋል። እዚያ ወደ ሲደመር 0.7 ወይም 1 ከፍ አድርጉ። ምክንያቱ ያው ነው፤ ካሜራ ጥቁሩንም ነጩንም ወደ መካከል ይጎትታል። እናንተ ወደ ቦታው ትመልሱታላችሁ።

6. የቀለሙን ቅንብር ከአውቶ አውጡ

ዋይት ባላንስ አውቶ ላይ ከሆነ ካሜራው ሰማያዊውን የንጋት ብርሃን «አስተካክሎ» ነጭ ያደርገዋል። «የቀን ብርሃን» ላይ ወይም 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) አካባቢ አድርጉትና ተዉት። ጥላው ሰማያዊ፣ የፀሐይዋ ጭረት ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ቅዝቃዜው ይሰማል።

7. ካሜራውን አስቀምጡት

ጨለማ ውስጥ ሸተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ረጅም ጊዜ ይከፈታል፤ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ትራይፖድ ላይ ወይም ምስሩ ላይ አድርጉት። አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) 100 ወይም 200፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ ሸተሩን ብርሃኑ እንዳዘዘ፦ አንድ ሰከንድም አሥር ሰከንድም ሊሆን ይችላል። የ2 ሰከንድ ሰልፍ ታይመር ተጠቀሙ፤ ቁልፉን የነካ ጣት ራሱ ካሜራውን ያናውጣል።

ካሜራው ትኩረት መያዝ አቅቶት ወዲያ ወዲህ ካለ የምታነሱትን ነገር በባትሪ አብሩለት። ሲይዝ ወደ ማኑዋል ፎከስ ቀይሩና ባትሪውን አጥፉ።

8. በባትሪ መቀባት

ምንም ብርሃን የማይደርስበት ፉርጎ ውስጥ ከሆናችሁ ፍላሽ አታብሩ። ፍላሽ ከፊት ለፊት ስለሚመታ ሁሉንም ነገር ለጥ ያደርገዋል፤ አየር ላይ ያለው አቧራም ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው «መንፈስ አነሳሁ» ብሎ የሚልክልኝ ያንን ነው። አቧራ ነው፣ ተረጋጉ።

እንዲህ አድርጉ፦ ሸተሩን 15 ሰከንድ አድርጉ (ስልክ ላይ ሁሉንም በእጅ የሚያስተካክሉበት ፕሮ ሞድ ካለ በሱ)። ሲከፈት ከካሜራው ጎን ራቅ ብላችሁ ባትሪውን አብሩና በወንበሮቹ ላይ ቀስ እያላችሁ አንሸራትቱት። አንድ ቦታ አታቁሙት፤ ከቆመ የነጣ ጠባሳ ይተዋል። ባትሪውን ወደ ሌንሱ አታዙሩ። ጥቁር ልብስ መልበስ ይረዳል፤ ነጭ ሸሚዝ በፍሬሙ ካለፈ የእውነት መንፈስ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ አያምሩም። ቢጫ ወይም ነጭ የተቃጠለ ከሆነ ባትሪውን በነጠላ ሸፍናችሁ ድገሙት፤ ብርሃኑ ይለሰልሳል።

9. አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

ክፍሉን በሙሉ ያነሳ ሰው ፍርስራሽ አነሳ። የሰው እጅ የነካውን አንድ ነገር ፈልጉ፦ ቶርኖው ላይ የቀረ ጨርቅ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር፣ አንድ እግር ጫማ፣ ብዙ እጅ የለሰለሰው የበር እጀታ። ተመልካቹ «ባለቤቱ የት ሄደ?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያደርገው ያ ነው። ወደ አንድ ጥግ አድርጉትና የቀረውን ፍሬም ባዶ ተዉት።

ስልካችሁ ላይ 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ ሳይሆን 1 የሚለውን ተጠቀሙ። ሰፊው ግድግዳውን ያጣምመዋል፤ ጠማማ ግድግዳ ደግሞ ከማስፈራት ይልቅ ያስቃል። የበሩና የመስኮቱ ቋሚ መስመር ቀጥ ይበል።

ምንም ነገር ከቦታው አታንቀሳቅሱ። አሻንጉሊት ከቤት ይዞ ሄዶ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አለ፤ ያስታውቃል።

10. አርትዖት ላይ እጃችሁን ሰብስቡ

ስናፕሲድም ላይትሩምም (የፎቶ ማስተካከያ አፖች ናቸው) በነፃ ይበቃሉ። ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ መስመሩን አቅኑ። ቀጥሎ ጥቁሩን ትንሽ አጥብቁ። ቀጥሎ ዓይን እንዲያርፍበት የፈለጋችሁትን አንድ ነገር ብቻ ጥቂት አብሩ። የቀለም ድምቀቱን ከፍ ሳይሆን ዝቅ። ቀለሙ ምንም ካልጨመረላችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጉት፤ ዝገት ግን በቀለሙ ነው የሚያምረው።

ከመለጠፋችሁ በፊት የቦታ ጠቋሚውን ከፎቶው አጥፉ። ጥበቃ የሌለው ቦታ አድራሻው ሲወጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ብረት ፈላጊ ነው።

አስቂኝና ግራ የሚያጋባ ነገር ሲሆን

እስካሁን ያልኩት ለሚያስፈራው ነው። ለሚያስቀው ግን ሥራው ተቃራኒ ነው፦ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባውን ነገር መቀነስ ሳይሆን መጨመር። ከድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሐረር ስትገቡ ያረጁት ፔጆ 404 ታክሲዎች ይጠብቋችኋል። መኪናዋን ብቻ ብታነሱ የድሮ መኪና ናት። ወደኋላ ርቃችሁ ጫት የያዘችውን ተሳፋሪ፣ ጠባቡን መንገድና አጠገቧ የቆመውን አዲስ መኪና አብራችሁ ስታስገቡ ነው ፎቶው የሚናገረው። መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹንም እንደዚሁ፤ ሲንጀሩን ሳይሆን ሰልፉን። ሰውን ስታነሱ ግን ጠይቁ። ካሜራውን ከፍ አድርጋችሁ በዓይን መጠየቅ ይበቃል፤ እጅ ከተወዛወዘ ተዉት።

የሐረር ጅብ ማብላት ሁለቱንም ነው፤ ያስፈራልም ያስቃልም። ብዙ ጊዜ ብርሃኑ የመኪና ፊት መብራት ነው። ወደ መብራቱ ተጠግታችሁ፣ መብራቱ ከጀርባችሁ እንዲሆን ቁሙ። የጅብ ዓይን ብርሃንን ወደመጣበት ስለሚመልስ እናንተ ጋ ያበራል። ወደ ጎን ከራቃችሁ ዓይኑ ይጠፋል። ሸተር 1/125፣ አይኤስኦ 3200፣ ሌንሱ የሚችለውን ያህል የተከፈተ። ስልክ ከሆነ ናይት ሞድ አጥፉ፤ ጅቡ ስለሚንቀሳቀስ ጭስ ይሆንባችኋል። ዋጋውን ከመጋቢው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ፍላሽ ከማብራታችሁ በፊትም እሱን ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ

ውጊያ በነበረበት አካባቢ የፈረሰ ቤት፣ የተቃጠለ መኪና ወይም ታንክ ውስጥ አትግቡ። ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊኖር ይችላል። ከጥርጊያው መንገድ አትውጡ፤ የማታውቁትን ብረት አትንኩ፣ አትርገጡ። ካያችሁ በመጣችሁበት ዱካ ተመልሳችሁ ለአካባቢው ፖሊስ አሳውቁ። የትኛውም ፎቶ ይሄን አያህልም።

የሌሊት ወፍ ኩስ ያለበት ቦታ ማስክ ሳታደርጉ አትግቡ። የደረቀው ኩስ ሲቡን ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በድሮ ባቡሮችና ሕንፃዎች ውስጥም አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። አቧራ አታቡንኑ ያልኩት ለዚህ ነው።

የእንጨት ወለልን በመሃል ሳይሆን በግድግዳው ጥግ በኩል፣ በአንድ እግር እየሞከራችሁ ሂዱ። ፉርጎ ጣሪያ ላይ አትውጡ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ የት እንደሆናችሁና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ።

ዳሎል፦ የተተወው የማዕድን ሠፈር ፍርስራሽም ባለቀለሙ ኩሬዎችም ያለ አፋር መንገድ መሪ አይኬዱም። ቅርፊቱ ስስ ነው፤ መሪው የረገጠበትን እርገጡ። ኩሬው ከመኪና ባትሪ አሲድ የማይተናነስ ነው። ትራይፖዱን እዚያ ውስጥ አታቁሙ፤ ስትመለሱም እግሩን በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ጨው ብረት ይበላል። ሙቀቱ ስልክን ያጠፋል፤ አይፎን የተሠራው እስከ 35 ዲግሪ ለሚደርስ አየር ነው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ ያዙት። ከጋለ በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ አታቀዝቅዙት፤ ውስጡ ይላበዋል።

ድሮን ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ ለማስገባት አትሞክሩ። ጉምሩክ ይይዘዋል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ኤችዲአርን (ጥላውንና ብሩሁን እኩል የሚያሳየውን ቅንብር) ጥግ ድረስ መጎተት። ዝገቱ ብርቱካን፣ ሰማዩ የተቀባ ቀለም ይሆናል።
- ሁሉንም ፎቶ ቆሞ በዓይን ልክ ማንሳት። ተንበርከኩ፤ ፉርጎ ከሐዲዱ ደረጃ ሲታይ ሌላ ነገር ነው።
- ሌንሱን አለመጥረግ። ጭጋግ የመሰላችሁ የጣት ቅባት ነው።
- ፊልተር ጭኖ ጭጋግ መጨመር።
- በር መገንጠል ወይም «ለማስታወሻ» ብሎ ቁራጭ መያዝ። ያ ስርቆት ነው፤ ለሚቀጥለው አንሺም በሩ ይዘጋል።

ውጭ አገር ላላችሁ

ዱባይ ከሆናችሁ አል ማዳም፣ አሸዋ የገባባቸው ቤቶች ያሉበት መንደር፣ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ራስ አል ኸይማ ያለው አል ጀዚራ አል ሐምራ ደግሞ ነዋሪዎቹ የለቀቁት የዕንቁ አጥማጆች መንደር ነው። ሁለቱም ጋ አሸዋ ካሜራ ይገድላል፤ ሜዳ ላይ ሌንስ አትቀይሩ። ከኤሲ መኪና ስትወጡ ሌንሱ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ካሜራውን ዚፕ ባለው ፌስታል ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጪ ይክረም። ሰውን ሳያስፈቅዱ ማንሳት እዚያ በሕግ ያስጠይቃል።

ጀርመን ላላችሁ በርሊን አጠገብ ያለው የቤሊትዝ የድሮ ሳናቶሪየም በሕጋዊ መንገድ ይጎበኛል። አጥር ዘሎ መግባት ግን ወንጀል ነው።

አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ያለው ኢስተርን ስቴት እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 ተዘግቶ ዛሬ በትኬት የሚገባበት ነው። ብዙዎቹ ክፍሎች ጣሪያቸው ላይ ጠባብ የብርሃን ቀዳዳ ስላላቸው ደረጃ 4 ላይ ያልኩት የቀትር ብርሃን እዚያም ይሠራል። ቀዳዳውን ነክታችሁ ቆልፉና ብርሃኑን አውርዱ። ትራይፖድ ይፈቀድ እንደሆነ ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ የበሩን ክፈፍ ተደግፋችሁ ትንፋሻችሁን ያዙ።